ማንም የራሱን ሥራ አያቀርብም

በዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሕግ ነበር፤ ማንም የራሱን ሥራ አያቀርብም። ሕጉን ያወጡት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከተለያየ ሙያ የተውጣጣ ቡድን ይምሩ ተብለው ተሾሙ። ሹመቱን ሲቀበሉ ሰፊ ቢሮም ጸሐፊም አልጠየቁም፤ ሕግ የማውጣት መብት ብቻ ጠየቁ። የቡድኑ ግምገማ ሲቃረብ የሁሉም ሥራ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍና ይጠቀለላል። እያንዳንዱ አንድ ወረቀት ያነሳና የደረሰውን ሰው ሥራ አጥንቶ ያቀርባል። የሥራው ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ያዳምጣል። የተባለው ልክ ከሆነ በጭንቅላቱ አዎ ይላል፣ ካልሆነ በጭንቅላቱ አይደለም ይላል፤ አፉን መክፈት ግን ክልክል ነው።

«የጓደኛችሁን ሥራ ባለቤቱ አዎ እስኪል ድረስ መናገር ካቃታችሁ፣ ቡድን አይደላችሁም» ይሉ ነበር ኃላፊዋ። «አንድ ኮሪደር የምትጋሩ ሦስት ሰዎች ናችሁ።»

ሕጉን ከሁሉም አብልጦ የጠላው መሐንዲሱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ውሃ በማስኬድ፣ በማጣራትና በማቀዝቀዝ የሚያህለው የለም። ተማሪዎቹ ከጀርባው «ቱቦው» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ በሆዱም ደስ ይለዋል። የራሱን ሥራ ሌላ ሰው ሲያወራለት መስማት ግን የገዛ ልጁን ጎረቤት ሲያሞግስለት ተቀምጦ እንደ መስማት ነበር፤ ያሞገሱት እየመሰላቸው ዋናውን ነገር ይዘሉበታል። የሌላውን ሥራ ማቅረቡ ደግሞ ጭራሽ ጊዜ ማባከን መስሎ ይታየው ነበር።

ቡድኑ የተቋቋመበት ጉዳይ የዋዛ አይደለም። ዓለም እየሞቀች መሆኗን የማያውቅ የለም። ሙቀቱ ኩላሊት እንደሚያደክም ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በብዙ አገር በሸንኮራ እርሻ፣ በጡብ ፋብሪካ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ የሚውሉ፣ ስኳርም ደም ግፊትም የሌለባቸው ጤነኛ ወጣቶች ሳያስቡት ኩላሊታቸው ይደክማል። ይህን ነገር ሐኪም ብቻውን አይፈታውም፣ መሐንዲስም ብቻውን አይፈታውም ተብሎ ሦስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተደረገ። አንዱ መሐንዲሱ ነው። ሁለተኛው የኩላሊት ሐኪሙ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ደም ቀድቶ ቁጥር ይዞ የሚመለስ ሰው። ሦስተኛዋ የማኅበረሰብ ጥናት መምህርቷ ናት፤ ሰው ቤት እየሄደች፣ እየተቀመጠች፣ እያዋራች የምትጽፍ፣ ደብተር ከእጇ ስለማይለይ ሁሉም «ባለ ደብተሯ» የሚላት። መሐንዲሱ ግን እሷ በሌለችበት «ወሬ ሰብሳቢዋ» ነበር የሚላት። ሦስቱም ዶክተሮች ስለሆኑ በኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጣራ ሦስት አንገት ይዞራል።

የሚያጠኑት ከከተማው ዳር ያለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ሦስት መቶ አርባ ሴቶች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሸሚዝ ይሰፋሉ። ከእነሱ አንዷ የመሐንዲሱ ታናሽ እህት ናት። ሰባተኛው መስመር ላይ ተቀምጣ ኮሌታ ትሰፋለች፤ የሁለት ልጆች እናት ብትሆንም ለእሱ ዛሬም «ሚጡ» ናት፤ እሱም ለእሷ «ወንድምጋሼ» ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሴቶች እየደከሙ እንደሚወድቁ መጀመሪያ የነገረችው እሷ ናት። ሐኪሙ የሁሉንም ደም ሲመረምር የእሷም ውጤት ጥሩ አልነበረም። ወረቀቱን ራሷ ይዛ መጥታ አሳየችው። በዚሁ ከቀጠለ በሁለት ዓመት ውስጥ ደሟን በማሽን ማጠብ ግድ ይሆናል ተብሏል። መሐንዲሱ ያን ቀን እራት አልበላም፤ በማግስቱ ሥራ ጀመረ።

ሥራውም ሥራ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አራት የመጠጥ ውሃ ጣቢያዎች ተከለ። ውሃው የተጣራ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ከየትኛዋም ሴት መቀመጫ ከአሥራ ሁለት እርምጃ አይርቅም። እያንዳንዱ ጣቢያ ቆጣሪ አለው። በአራተኛው ወር ቆጣሪዎቹ ሲደመሩ በቀን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሊትር ወጥቷል፤ ለእያንዳንዷ ሴት ስድስት ሊትር ይደርሳል ማለት ነው። መሐንዲሱ ልቡ ቅቤ ጠጣ። በየማክሰኞው ጣቢያዎቹን ሊያይ ይሄዳል፤ ሚጡም ገና ከበሩ ስታየው ተነስታ ትቀዳና ሁለት ብርጭቆ አከታትላ ትጠጣለች። «እንዴት ይጣፍጣል ወንድምጋሼ» ትለዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል።

ሐኪሙ ግን በዚያው ወር ደም ቀድቶ ያየው ሌላ ነው። ቁጥሩ አልተሻሻለም፤ የጥቂቶቹ እንዲያውም ብሷል። የሚጡም ከባሰባቸው ውስጥ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በዚህ ተኳረፉ። መሐንዲሱ የሐኪሙ ላብራቶሪ ተበላሽቷል አለ። ሐኪሙ የመሐንዲሱ ቆጣሪ አየር ይቆጥራል አለ። አንዱ ቆጣሪ አይዋሽም ሲል ሌላው ደም አይዋሽም ይላል። ባለ ደብተሯ በመካከል ሁለት ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር፤ መሐንዲሱ ግን አጠር አድርጊው፣ ቁጥር ካለሽ አምጪ፣ ከሌለሽ ሌላ ጊዜ እንሰማሻለን አላት። እሷም ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

የግምገማው ቀን በዚህ መሐል ተቃረበ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትና የፋብሪካው ባለቤት ይገኛሉ። ውሃው ገብቷል፣ ሥራው ተሳክቷል ከተባለ ጥናቱ ይዘጋል፣ ጣቢያዎቹም በዚሁ ዓይነት በሌሎች ፋብሪካዎች ይተከላሉ። ያኔ የሚጡን ኩላሊት የሚጠይቅ አይኖርም። መሐንዲሱ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ሥራው አልሠራም ብሎ ለመናገር ግን ምላሱ አልታዘዘለትም።

ወረቀቶቹ ተጠቀለሉ። የመሐንዲሱ ሥራ ለሐኪሙ ደረሰ። የሐኪሙ ለባለ ደብተሯ ደረሰ። መሐንዲሱ ያነሳው ወረቀት ላይ «ቃለ መጠይቅ፣ ሦስት ደብተር» ይላል። በዓይኑ ኃላፊዋን ለመናቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

ደብተሮቹን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሲያበቃ እንደ ልማዱ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ስድሳ አንድ ሴቶች ተናግረዋል፤ ስም የለም፣ እያንዳንዷ በቁጥር ነው የተጻፈችው። መሐንዲሱ መጀመሪያ «ውሃ» የሚለውን እየፈለገ ማስመር ጀመረ። እምብዛም አላገኘም። ተናደደ። ሴትዮዋ ስለ ውሃ ጥናት ተልካ ስለ ምን ስታወራ ነው የከረመችው ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ አነሳው። ወደ አሥረኛዋ ሴት ሲደርስ ቀይ መስመሩ በሌላ ቃል ሥር እየበዛ መሄዱን አየ፤ «ቁልፍ» በሚለው ሥር።

ለሦስት መቶ አርባ ሴት ሁለት ሽንት ቤት ነው ያለው። ቁልፉ ተቆጣጣሪው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የፈለገች ሴት እጇን አውጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ለምና ትቀበላለች። ከአራት ደቂቃ ከቆየች ስሟ ይጻፋል። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ የጠየቀች «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» ትባላለች፤ መስመሩ በሙሉ ይስቃል። አራተኛዋ ሴት ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ እስክትመለስ ጠብታ አትቀምስም። አሥራ ሰባተኛዋ እንዲህ ብላለች፦ «ውሃው እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ። ሻሼን ነክሬ አንገቴ ላይ ሳደርገው ነፍሴ ትመለሳለች። መጠጣቱን ግን አልደፍረውም።» ሃያ ዘጠነኛዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ጠርሙስ ሞልታ ለልጆቿ ትወስዳለች፤ የማያደርገው የለም ብላለች።

መሐንዲሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ቆጣሪው ስንት ሊትር እንደወጣ ያውቃል፤ ወዴት እንደሄደ አያውቅም። ቆጣሪውም ደሙም እውነታቸውን ነው። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም ነበር። ሽንት ቤቱ የት ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ እሱ ግን በአራት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልጠየቀም።

ከዚያ ሠላሳ ስምንተኛዋ ላይ ደረሰ።

«ውሃውን ያስገባው ወንድሜ ነው። ብዙ ደክሞበታል። ሲመጣ እንዳይከፋው ሁለት ብርጭቆ እጠጣለሁ። ያን ቀን እስክንወጣ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰፋው። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ አይደለ።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ፣ መሐንዲስ መቼም መሐንዲስ ነው፣ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ሰባት ማክሰኞ ሄዷል። ሠላሳ አራት ብርጭቆ። እያንዳንዱን ቆሞ፣ እየሳቀ፣ አይቶታል።

ደብተሩን ይዞ ባለ ደብተሯ ክፍል ገባ። በሩን እንኳ አላንኳኳም።

«ሠላሳ ስምንተኛዋን አውቃታለሁ» አላት።

«ታውቃት ይሆናል» አለችው ሳትደነግጥ። «ከዚህ ክፍል ስትወጣ ግን አታውቃትም። ስማቸው አይወጣም፣ የተናገሩት ተመልሶ አይጠየቁበትም ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ደብተሩን ስትቀበል ቃሉንም ተቀብለሃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ልነግርህ ሞከርኩ። አጠር አድርጊው አልከኝ።»

መሐንዲሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንዴት አድርጋ እንደምትጠይቅ እንድታስተምረው ለመናት። እሷም አላሾፈችበትም። እሱ በሷ ቦታ ቢሆን ኖሮ ያሾፍ እንደነበር ስለሚያውቅ የበለጠ አፈረ።

ማክሰኞ ደረሰ። ለሚጡ አትጠጪ እንዳይላት ቃሉ ያስረዋል። ከሄደ ደግሞ እሱን አይታ ከመጠጣት ሊያስቀራት አይችልም። ስለዚህ ቀረ። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ፤ እህቱን ከሁለት ብርጭቆ ውሃ ለማዳን ያገኘው ዘዴ ይኸው ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወለችለት። «ወንድምጋሼ፣ አሞህ ነው እንዴ?» አለችው። ሥራ በዝቶብኝ ነው አላትና ስልኩን ቶሎ ዘጋው።

የግምገማው ዕለት ክፍሉ ሞላ። ሐኪሙ ተነስቶ የመሐንዲሱን ሥራ አቀረበ፤ አንድ ነገር ሳይዘል፣ ሳያንኳስስ፣ ውሃው ከመሬት ወጥቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አሳምሮ ተናገረው። ቆጣሪዎቹንም አንድ በአንድ ፈትሿቸው ነበርና አየር አይቆጥሩም፣ ልክ ናቸው አለ። መሐንዲሱ በጭንቅላቱ አዎ አለ። ቀጥላ ባለ ደብተሯ የሐኪሙን የደም ውጤት አቀረበች። ምርመራው ሌላ ላብራቶሪ ተልኮ ተደግሟል፣ ያው ነው አለች። ሐኪሙም አዎ አለ።

የፋብሪካው ባለቤት ግራ ገባው። ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ነገር ሲንዛዛ የማይወድ ሰው ነው። አንደኛው ይጠጣሉ ይላል፣ ሌላው አይጠጡም ይላል፣ ታዲያ ማንኛችሁ ናችሁ የምትዋሹት ሲል ጠየቀ።

መሐንዲሱ ተነሳ። ስላይድ አልነበረውም፤ የያዘው ሦስቱን ደብተሮች ብቻ ነው።

«ማንም አልዋሸም» አለ። «ውሃው ይወጣል፣ አይጠጣም። ለምን እንደማይጠጣ የምታውቀው ባለ ደብተሯ ናት፤ ዛሬ በሷ ፈንታ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገራቸው። ስለ ቁልፉ ነገራቸው፣ ስለ አራቱ ደቂቃ፣ ስለ ሻሹ፣ ስለ ጠርሙሱ። የሴቶቹን አነጋገር ሳያሳምር፣ እንዳለ አነበበው። ባለ ደብተሯ በየመሐሉ በጭንቅላቷ አዎ ትለዋለች። መጨረሻ ላይ ቆም ብሎ አያት፤ ልናገር ወይ እንደ ማለት። ጥቂት አሰበችና አዎ አለችው።

«አንዲት ሴት አለች» አለ መሐንዲሱ። «ውሃውን ያስገባው ሰው ሲመጣ እንዳይከፋው ብላ ትጠጣለች። ስትጠጣ ሲያይ የሚሠራ መሰለው። እኔ ነኝ ሰውየው።»

የፋብሪካው ባለቤት ቁልፉን ያንጠለጠልኩት እኔው ነኝ፣ ሰው በየደቂቃው እየተነሳ ሥራ እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው፣ ክፋት አልነበረበትም አለ። ያን ጊዜ ኃላፊዋ ከወንበራቸው ሳይነሱ አንድ ወረቀት አቀበሉት። ለካ ደብተሮቹን እሳቸውም አንብበዋቸው ኖሯል። ሰልፍ ማስላት የሠላሳ ዓመት ሥራቸው ነው። አሥራ ሁለት ሽንት ቤት ቢሠራና ቁልፉ ቢነሳ ማንም ከሁለት ደቂቃ በላይ አይሰለፍም፤ በዚህ የሚባክነው ሰዓት ደግሞ ሴቶች ተዝለፍልፈው ሲወድቁ ከሚባክነው ግማሽ አይሞላም። ባለቤቱ ወረቀቱን ሁለቴ አየው። ቁልፉን ዛሬውኑ አነሳለሁ፣ ሥዕሉን አምጡልኝና እሠራለሁ አለ። ሰው ክፉ ባይሆንም ካላሳዩት አያይም፤ ሲያሳዩት ደግሞ ያየ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ የቀረውን አስቀድሜ ልናገር። ከመንፈቅ በኋላ ሐኪሙ ደም ቀድቶ ሲመለስ በደረጃው ላይ ሮጠ፤ ሲሮጥ የታየውም ያኔ ብቻ ነው። ብሶባቸው ከነበሩት ሠላሳ አንድ ሴቶች የሃያ ስድስቱ ኩላሊት አገግሟል፤ የሚጡም ደም በማሽን ይታጠባል የሚለው ነገር ከወረቀቷ ላይ ጠፋ። አሁን ከሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ይመጣል፤ እንዴት አድርጋችሁ ነው ይላሉ። ኃላፊዋ ከሁሉ አስቀድመው ሕጉን ይልኩላቸዋል። መሐንዲሱ ግን ይህን ታሪክ ሲያወራ ስለ ደሙ ቶሎ አይናገርም። የሚጀምረው ከእሑዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሆኖ አመል በአንድ ቀን የሚተው የለም፤ መሐንዲሱ ከግምገማው በሁለተኛው ቀን የአሥራ ሁለቱን ሽንት ቤቶች ሥዕል ጨርሶ ይዞ ከች አለ። አንደኛ ነገር ነበር። ቧንቧው አጭር፣ ፍሳሹ ቀጥ ያለ፣ ከዋናው መስመር ጋር እጅ ለእጅ የተያያዘ። ባለ ደብተሯ ሥዕሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ማንን ጠየቅህ?» ብቻ አለችው። መሐንዲሱ ሥዕሉን ጠቅልሎ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት ሚጡ ቤት ሄደ። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ። ባሏ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል፤ እሷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ሻይ አቀረበችለት። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

«በጣም ያምራል ወንድምጋሼ» አለችው ገና ሳታየው።

«እንዲያምር አይደለም ያመጣሁት» አላት። «ስህተቱን እንድታሳዪኝ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ? አንተ እያለህ።»

«እዚያ የምትውዪው አንቺ ነሽ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ቧንቧ ነው።»

ሚጡ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ወንድሟ አላውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም። ፊቱን አየችው፣ ሥዕሉን አየችው።

«አይከፋህም?» አለችው።

ይህች ቃል ልቡ ላይ አረፈች። አይከፋኝም ሊላት ነበር፤ ግን በውሸት መጀመር አልፈለገም።

«ይከፋኝ ይሆናል» አላት። «ያልፍልኛል። አንቺ ግን ንገሪኝ።»

እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና በደረደራቸው አሥራ ሁለት ክፍሎች ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመረችባቸው። እጇ ኮሌታ የምትሰፋ እጅ ናት፣ መስመር አትስትም።

«እዚህ ከሆነ ማንም አይገባበትም» አለች። «የተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ቁልፉ ቢነሳ ዓይኑ ይነሳል? ማን ስንቴ እንደገባች ተቀምጦ ሊቆጥር ነው። ከጨርቅ መጋዘኑ ጀርባ አድርገው። በሩም በጎን ይሁን፣ ስንገባ ማንም እንዳያየን።»

«ቧንቧው እኮ…» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። «ይርዘም» አላት።

ሚጡ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠችና እርሳሱን ሥዕሉ ላይ አስቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርህ ወንድምጋሼ» አለችው። «ያ ውሃ…»

እሱ ቀድሞ አንብቦታል። ቃል በቃል ያውቀዋል፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ቢሆንም ቃሉን ጠበቀ፣ አላቋረጣትም፣ እንደ አዲስ ሰማት። ከአፏ ሲሰማው ደግሞ እውነትም አዲስ ሆነበት፤ ደብተሩ ላይ ያልነበረ ብዙ ነገር ነበረበት። ስለ ውሃው ጨርሳ ስለ ጣሪያው ቀጠለች፣ ከጣሪያው ስለ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ስለ ጀርባዋ። ሻይው ቀዘቀዘ። አንዴ ትንፋሽ ልትወስድ ቆም ስትል ሁሉን የጨረሰች መሰላትና፣ በዛብህ አይደል፣ አንተን ደግሞ አሰለቸሁህ ብላ ልብሷን መልሳ ማጣጠፍ ጀመረች።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ሊላት አሰበ። መልሱን ስለሚያውቀው ተወው። አንድ ሸሚዝ አንስቶ ከሷ ጋር እያጣጠፈ፣

«ሌላስ?» አላት።